ከጠረጴዛው ማዶ

ሸዋፈራውን ያወቅኩት በቆርኪ ነው፤
ካርቶን ላይ በከሰል ባሰመረው ዳማ፣
ጠባሴ፣ ከሻይ ቤቱ ጓሮ፣
ውርጭ ሳሩን ሲያነጣው፣ ከንፈር ተሰንጥቆ ሲደማ።
እኔ በአምቦ ውኃ ቆርኪ፣ እሱ በቀዩ ኮካ፤
በሦስተኛው ዙር ገባኝ፤
ይህ ልጅ የሚጫወተው ካርቶኑ ላይ ሳይሆን
ከግንባሬ ኋላ ነው ለካ።

ብርድ ልብስ ፋብሪካ ገባን፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ መዝገብ፤
እሱ ሽመና ክፍል፣ እኔ የመንዝ ሱፍ ስመዝን፣ ስመዘግብ።
ቼዙን ያመጣው መካኒኩ ነው፣ ጎዶሎ ሣጥን ይዞ፤
አንድ ፈረስ ጠፍቶበት፣
በቦታው የማሽን ብሎን ቆመ፣ ዝጎ፣ ደንዝዞ።
ሸዋፈራው ያቺን ብሎን ወደዳት፤
አዲስ አበባ ድረስ፣ ሻምፒዮን በሆነበት ቀን፣
በኮቱ ኪስ ይዟት ሄደ፤ ለማንም ሳያሳያት።

እሱ የአገር አንደኛ፣ እኔ የአገር ሁለተኛ፤
በፊያት ተመለስን፣ ከጆንያ ላይ ተደርበን፣
እሱ ሲያንኮራፋ እኔ ሳልተኛ።
ሽልማቱን ፋብሪካው ሰጠ፣ በጭብጨባ፣ በባንዲራ፤
ብርድ ልብስ!
ከጠርዙ የራሱን ማሽን ቁጥር አንብቦ ሳቀ፤
«ደህና ሠርቼዋለሁ» አለ፣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ እየኮራ።

ዘመኑ ንጉሥ የወረደበት ነው፤ ካድሬው አዳራሽ ገብቶ፣
«ይሄ ዘውድ የደፋው ምን ይሠራል?» አለ፣ በሁለት ጣቱ አንስቶ።
ዝም አልን። ሸዋፈራው ቀና ሳይል፣
«ጓድ፣ እሱኮ ከአንድ እርምጃ በላይ መሄድ አይችል፤
ሁሉም የሚሞተው ስለ እሱ ነው፤
እሱ ግን አይሞትም፤ መሄጃ ብቻ ያጣል።»
ካድሬው ንጉሡን መለሰው፣ በማይገባው ካሬ፣ በስህተት፤
ምን እንደገባው እንጃ፤ በነጋታው ማታ መጥቶ
ከነሽጉጡ ተቀመጠ፣ ለመማር፣ ለመመታት።

ሰባት ዓመት አንደኛ ሆነ፤ አምስቱን በእኔ ላይ ወጥቶ።
«አይቆጭህም?» ይሉኛል። ቁጭትማ ነበረ፣ ከአጥንቴ ገብቶ።
ሚስቴ አሰለፈች ታውቃለች፣ ስንቴ ሌሊት ተነስቼ፣
በኩራዝ፣ የእሱን ድል ከደብተር ወደ ኋላ ተጫውቼ፣
የት ላይ እንደሞትኩ ስፈልግ። አብዛኛውን ጊዜ
የሞትኩት ቀድሜ ነው፤ ገና ስጨብጠው፣ እጁን ይዤ።

ከዚያ ልጆች መጡ፣ ከስልክ የተማሩ፤
አንዷ በሃያ ሦስት እርምጃ ጣለችው፣ እዚሁ፣ በአገሩ።
«ማነው ያስተማራት?» አለኝ። «ስልኳ» አልኩት። ቆየና፣
«ሲሸነፍስ ምን ይላል?» አለ። መልስ አልነበረኝምና፣
የበሬሳን ድልድይ ተሻገርን፣ ንፋሱ ጆሮ ሲቆርጥ፣
እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ደረጃችንን ሳንለውጥ።

አምና በጥቅምት ቀኝ ጎኑ ከዳው፤ ምላሱም አብሮ ታሰረ።
ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። በግራ እጁ ይጫወታል፤
ያው ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ፣
ጠርዙ ተበልቶ፣ ቁጥሩ ብቻ የቀረ።
አንድ ቀን፣ ሊመሽ ሲል፣ አየሁት፦
ንግሥቴ አንዴ ብትራመድ ያልቃል።
አርባ ዓመት የጠበቅኩት።
እጄ ግን ወደ ሻዩ ሄደ። «መሸ፤ ይደር» አልኩ።
አየኝ።
እንደዚያ ተቆጥቶ አይቶኝ አያውቅም፤ በዕድሜዬ አፈርኩ።
የግራ ጣቱን እያንቀጠቀጠ አነሳና፣
ካሬዋን ነካ፤ ያችኑ ካሬ። አንዴ። ደግሞም እንደገና።

አስቀመጥኩ።

ንጉሡን አላጋደመም። ብሎኗን ከቦርዱ አንስቶ
መዳፌ ውስጥ ከተታት፤
ጣቶቼንም አንድ በአንድ አጠፋቸው፣ እንዳልከፍታት።

ወጣሁ። ጠባሴ ሁለመናዋ ነጥቷል፤
ዛሬም ማንም ቢጠይቀኝ የአገር ሁለተኛ ነኝ።
ኪሴ ውስጥ ግን አንድ ነገር ይከብዳል።